ጄኔራል ቺ ጂጓንግና የቡጢው ምዕራፍ

የቻይና ጥንታዊ የፍልሚያ ጥበብ በተነሣ ቁጥር የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ያ ሁሉ ያማረ እንቅስቃሴ፣ ያ ሁሉ እንደ ነብር መወርወርና እንደ ሽመላ በአንድ እግር መቆም ከእውነተኛ ባላጋራ ፊት ሲቀርብ ምን ይፈይዳል የሚለው ነው። ጥያቄው ከሲኒማና ከስፖርት አዳራሽ ጋር የተወለደ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ከአራት መቶ ስድሳ ዓመታት በፊት ይህንኑ ጥያቄ በጦር ሜዳ ያነሣ፣ መልሱንም በሺህ በሚቆጠሩ ገበሬዎች ሕይወት የፈተነ አንድ ሰው ነበር። እርሱም የሚንግ ሥርወ መንግሥት የጦር አለቃ የነበረው ቺ ጂጓንግ ነው። በቻይናውያን ልማድ የቤተ ሰብ ስም ስለሚቀድም ቺ የዘሩ፣ ጂጓንግ የራሱ ስም ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቺ ጂጓንግ በ1528 በሻንዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ከጂኒንግ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አንድ አያቱ የሥርወ መንግሥቱን መሥራች አገልግሎ በዩናን ዘመቻ ስለ ሞተ፣ ለዘሩ በዴንግጆው የባሕር ጠረፍ የጦር ሹመት በርስትነት ተሰጥቶት ነበር። አባቱ ቺ ጂንግቶንግ ልጁን ሲወልድ ዕድሜው ከኀምሳ አልፎ ነበርና ልጁን ለማቀማጠል ጊዜም ፈቃድም አልነበረውም። ሕፃኑ ያጌጠ የሐር ጫማ አድርጎ ሲያየው፣ ዛሬ ጫማ ያማረው ነገ የወታደሩን ቀለብ ይበላል ብሎ እንደ ገሠጸው ይተረካል። አባትዮው በ1544 ሲሞት ለልጁ የተረፈው ሹመቱና ድህነቱ ብቻ ነበር። ቺ የአባቱን ማዕረግ ሲረከብ ገና የዐሥራ ስድስት ዓመት ወጣት ነው።

በ1550 ለወታደራዊ ፈተና ወደ ቤጂንግ በሄደበት ወቅት የሞንጎሎቹ ገዥ አልታን ካሃን ድንበሩን ጥሶ እስከ ዋና ከተማይቱ ቅጥር ድረስ ደረሰ። ፈተናው ቀርቶ ተፈታኞቹ በከተማይቱ መከላከያ ተሰለፉ። በመዝገብ ላይ እጅግ ብዙ የሆነው የመንግሥት ሠራዊት በተግባር ምን ያህል ባዶ እንደ ሆነ ወጣቱ መኮንን በዓይኑ ያየው ያን ጊዜ ነበር። በ1553 በሻንዶንግ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ላይ ተሾመ፤ በ1555 ደግሞ ጦርነቱ ወደ በረታበት ወደ ደቡብ፣ ወደ ጀጂያንግ ክፍለ ሀገር ተዛወረ።

በጀጂያንግ የጠበቀው ጠላት እንግዳ ዓይነት ነበር። ቻይናውያን የጃፓን ሽፍቶች እያሉ ይጥሯቸው እንጂ፣ ከባሕር ወንበዴዎቹ የሚበዙት ቻይናውያን ነበሩ። መንግሥቱ የባሕር ንግድን በመከልከሉ ከሥራ የወጡ ነጋዴዎች፣ መርከበኞችና ዓሣ አጥማጆች ከጃፓን ተዋጊዎች ጋር አብረው ጠረፉን ይመዘብሩ ነበር። ይሁን እንጂ የውጊያው ስልት የጃፓኖቹ ነው። ረጅሙን ጎራዴያቸውን በሁለት እጅ ይዘው በትናንሽ ቡድን እየተወረወሩ ሲገቡ፣ የቻይናው ወታደር ጦር እንጨቱ እየተቆረጠ ባዶ እጁን ይቀር ነበር። አንድ ለአንድ በሆነ ግጥሚያ የሚመክታቸው አልነበረም ለማለት ይቻላል። በጥቂት ወንበዴዎች ፊት ብዙ መቶ ወታደር የሸሸበት ጊዜ በዘመኑ መዛግብት ተጽፏል።

እንግዲህ የሚጠበቀው መፍትሔ ምን ነበር? ባለ ጎራዴውን የሚያሸንፍ የበለጠ ባለ ጎራዴ መፈለግ ነው። በአገሩም ውስጥ በጥበባቸው የታወቁ ሰዎች አልጠፉም ነበር፤ የዱላ ሊቅ፣ የጦር ሊቅ፣ የቡጢ ሊቅ እየተባሉ ደቀ መዛሙርት የሚሰበስቡ መምህራን በየክፍለ ሀገሩ ነበሩ። ቺ ከእነዚህ ብዙ ተምሯል። ሠራዊቱን የመሠረተው ግን በእነርሱ ላይ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ወታደሮቹ በጠላት ፊት አለመቆማቸውን ካየ በኋላ፣ በ1559 ወደ ዪዉ አውራጃ ሄዶ ሦስት ሺህ ያህል ገበሬዎችንና የማዕድን ቆፋሪዎችን መለመለ። የዪዉ ሰዎች በአንድ የማዕድን ተራራ ምክንያት ከጎረቤት አውራጃ ሰዎች ጋር ባደረጉት ብርቱ ጠብ ዝናቸው ወጥቶ ነበርና ነው።

የምልመላው ደንብ የሚያስደንቅ ነው። ፊቱ የነጣ፣ እንቅስቃሴው የቀለጠፈ፣ አነጋገሩ የሠለጠነ የከተማ ሰው እንዳይወሰድ አዘዘ። የፈለገው ፀሐይ ያከሰለውን፣ እጁ የሻከረውን፣ ባለ ሥልጣን የሚፈራውን ባላገር ነው። ጉልበትም ሆነ የተጠና የፍልሚያ ጥበብ ብቻውን ሚዛን አይደፋም፤ ልብ ከሌለ ጥበብ በጠላት ፊት ይረሳልና። ዘመናዊ አሠልጣኝ ይህን ሲያነብ ቅር ሊለው ይችላል። ነገር ግን ቺ ይፈልግ የነበረው ብቻውን የሚያሸንፍ ጀግና አልነበረም፤ ከባልንጀራው ጎን የማይነቃነቅ ሰው ነበር።

እነዚህን ሰዎች የይብራ ጥንድ በሚል ስም በታወቀው አሰላለፍ አሰለፋቸው። ይብራዎች ተባዕትና እንስት ተለያይተው አይኖሩም ተብሎ ስለሚታመን ነው ስሙ የወጣለት። አንዱ ጭፍራ ዐሥራ ሁለት ሰው ነበረው። ከአለቃው ቀጥሎ ሁለት ጋሻ ጃግሬዎች ይቆማሉ፤ አንደኛው ረጅም ጋሻ፣ ሁለተኛው ከሐረግ የተጎነጎነ ክብ ጋሻ ይይዛል። ከእነርሱ በስተኋላ ሁለት ሰዎች ቅርንጫፉ ያልተመለመለ ሙሉ የቀርከሃ ግንድ ያነግባሉ፤ ጫፉ ላይ ብረት ይሰካበታል። ይህ መሣሪያ ሲያዩት የአጥር ማገዶ ይመስላል። ጥቅሙ ግን የጠላትን ጎራዴ በቅርንጫፎቹ ማጠላለፍና የፈሪውንም ወታደር ፊት መከለል ነበር። ቀጥሎ አራት ረጃጅም ጦር የያዙ ይከተላሉ፤ የመግደል ሥራ የእነርሱ ነው። ከኋላቸው እንደ መንሽ ሦስት ጣት ያለው መሣሪያ የያዙ ሁለት ሰዎች ጦረኞቹን ይጠብቃሉ። ዐሥራ ሁለተኛው ወጥ ሠሪው ነው። ጋሻው ቀርከሃውን፣ ቀርከሃው ጦሩን፣ መንሹም ጦረኛውን ይጠብቃል። አለቃቸው ወድቆ ጭፍራው ከሸሸ ሸሺዎቹ በሞት ይቀጣሉ። ቺ ሕጉን ስለ ጣሰ የገዛ ልጁን አስገደለ የሚለው የፉጂያን አፈ ታሪክ ማስረጃ ባይኖረውም፣ ሕዝቡ የሰውየውን ጭካኔ በምን ያህል መጠን እንዳስታወሰው ያሳያል።

የቺ አእምሮ ከሁሉ ይበልጥ የሚታየው በልምምዱ ሥርዓት ነው። የጦር ፈተናው ለአብነት ይጠቀሳል። በሃያ እርምጃ ርቀት ላይ የሰው ቁመት ያህል የሚሆን ጠባብ ሳንቃ ይተከላል፤ በሳንቃው ላይ በዓይን፣ በጉሮሮ፣ በልብ፣ በወገብና በእግር ትክክል አምስት ቀዳዳዎች ይበጃሉ፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ አንዲት ትንሽ የእንጨት ድብልብል ትገባለች። ከበሮ ሲመታ ወታደሩ ጦሩን አንሥቶ እየሮጠ ይመጣና ድብልብሏን በጦሩ ጫፍ ወግቶ ማውጣት አለበት። ከዚህ በኋላ እርስ በርስ ያጋጥሟቸዋል። ውጤቱ በደረጃ ይመዘገባል፤ የተሻሻለ ይሸለማል፣ ባለበት የቀረ ይቀጣል። እንዴት አማረ ተብሎ የሚሰጥ ነጥብ አልነበረም። ለማሳያ ብቻ የሚደረገውን መሽከርከርና መዝለል ቺ የአበባ ዘዴ ይለውና ከጦር ሰፈሩ ያስወጣው ነበር። በፉከራ ጊዜ ጦር መስበቅና በውጊያ ጊዜ ጦር መወርወር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም።

እንዲህ ሲባል ግን ቺ ጥበብን ይንቅ ነበር ማለት አይደለም። የጦር አያያዝን ካስተማሩት አንዱ ታንግ ሹንጂ የተባለ ስመ ጥር የሥነ ጽሑፍ ሊቅና ባለ ሥልጣን ነበር። ሊቁ በጦር ጫፍ ትንሽ ክብ እየሠራ የባላጋራን ጦር ሲገፋ ቺ ተመለከተ፤ ክቡ እንዲህ የጠበበው እንዴት እንደ ሆነ ጠየቀ፤ ታንግም የዐሥር ዓመት ድካም ፍሬ መሆኑን ነገረው። ቺ ይህን በመጽሐፉ ውስጥ በአድናቆት አስፍሮታል። ነገር ግን ለአንድ ገበሬ ዐሥር ዓመት የሚሰጥ ወንበዴ የለም። ስለዚህ የቺ ሥራ ከዐሥሩ ዓመት ውስጥ በጥቂት ወራት ሊያዝ የሚችለውን መርጦ ማውጣት ሆነ። በልምምድ ጊዜ ዐሥር እጅ ጥበብ ያለው ሰው በጠላት ፊት አምስቱን እጅ ከተጠቀመበት እንደሚያሸንፍ፣ ስምንቱን ከተጠቀመበት ወደር እንደማይገኝለት፣ ዐሥሩንም የሚጠቀም ሰው ግን እንዳልታየ ጽፏል። ይህን ስሌት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ሁሉ ሊያስብበት ይገባል፤ ስለ ፍርሃት ከተጻፉት ነገሮች ሁሉ እጅግ ቁጥብ የሆነው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

በ1560 ገደማ ያጠናቀረውና ጂሺያዎ ሺንሹ የተባለው የጦር ትምህርት መጽሐፉ ዐሥራ ስምንት ምዕራፎች ነበሩት። ስለ ምልመላ፣ ስለ ሰንደቅና ስለ ከበሮ ምልክት፣ ስለ ሰፈር አሠራር፣ ስለ ጦር፣ ስለ ጋሻ፣ ስለ ዱላና ስለ ቀስት ካተተ በኋላ፣ በዐሥራ አራተኛው ምዕራፍ ስለ ቡጢ ይናገራል። ምዕራፉ ከሥዕሎች ጋር ሠላሳ ሁለት አቋቋሞችን ይዟል። እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የቻይና የባዶ እጅ ፍልሚያ ጽሑፎች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ሲሆን፣ የኋለኛው ዘመን መምህራን እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ሲጠቅሱት ኖረዋል። የሚገርመው ግን ምዕራፉ የሚጀምረው የቡጢን ጥቅም በመቀነስ መሆኑ ነው። በታላቅ የጦር ሜዳ ላይ ቡጢ እምብዛም ፋይዳ የለውም፤ ሆኖም እጅና እግርን ያፍታታል፣ አካልን ያለምዳል፣ ስለዚህ ለጀማሪ ወደ ጥበብ መግቢያ በር ይሆናል ይላል። መሣሪያ የሚይዝ ሰው አስቀድሞ ገላውን ማዘዝ አለበትና።

ከዚያ በኋላ በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩትን ትምህርት ቤቶች ይዘረዝራል። አንዱ መምህር በእግር ምት፣ ሌላው በመያዝ፣ ሌላው በመጣል፣ ሌላው ተጠግቶ በመምታት የታወቀ ነው። ቺ ሁሉንም ያመሰግናል፤ ሁሉንም ግን ጎደሎ ይላቸዋል። ላይ ያለው ታች የለውም፣ ታች ያለው ላይ የለውም፤ እያንዳንዱ የያዘው አንድ ወገን ብቻ ነው። ሁሉም ቢጣመሩ ግን ራሷን ሲመቷት በጅራቷ፣ ጅራቷን ሲመቷት በራሷ እንደምትመልስ እባብ ይሆናሉ። በአንድ መምህር ስምና በአንድ ወገን ምሥጢር ለሚመኩ ሰዎች ይህ ፍርድ የዚያን ጊዜም የሚጎረብጥ ነበር።

ከምዕራፉ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ቦታ ላይ ያለ አጭር ምክር ነው። ጥበቡን የያዘ ሰው ከባላጋራ ጋር ተጋጥሞ መፈተን አለበት፤ ቢሸነፍ እንዳያፍር፣ ቢያሸንፍም እንዳይኮራ፤ ይልቁንም በምን እንዳሸነፈ፣ በምንስ እንደ ተሸነፈ አስቦ ደግሞ ይሞክር ይላል። በኋለኞቹ ዘመናት የጠፋው አቋቋሙ ወይም ሥዕሉ አይደለም፤ እነዚያ እንዳሉ አሉ። የጠፋው ይህ ነው። መምህር በተማሪው ፊት መሸነፍን ነውር ባደረገበት ቀን ጥበቡ ከሜዳ ወደ መድረክ መውጣት ጀመረ።

የጥበቡ መዳከም በቺ ዘመንም የታየ ነገር ነበር። የትግል ጓዱ የሆነው ጄኔራል ዩ ዳዮው በ1561 ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲመለስ፣ በዱላ ጥበቡ ዝነኛ ወደ ሆነው ወደ ሻዎሊን ገዳም ጎራ አለ። መነኮሳቱ ጥበባቸውን አሳዩት፤ እርሱ ግን የጥንቱ ምሥጢር እንደ ጠፋባቸው በግልጽ ነገራቸው። መነኮሳቱም ሳይቆጡ ሁለት ወጣቶችን መርጠው ሰጡት፤ ወጣቶቹም ከሠራዊቱ ጋር ሦስት ዓመት ያህል ቆይተው ተምረው ወደ ገዳሙ ተመለሱ። ቺ የዱላውን ምዕራፍ ያቆመው በዚሁ በዩ ዳዮው ጽሑፍ ላይ ነው።

የአዲሱ ሠራዊት ፈተና በ1561 በታይጆው ደረሰ። የቺ ጭፍሮች በተከታታይ ባደረጓቸው ውጊያዎች ወንበዴዎቹን ደመሰሱ፤ ከድሉ ታላቅነት ጋር ሲነጻጸር የሞተባቸው ሰው ጥቂት ነበር። በዚያው ዓመት ከጠላት ላይ የጃፓኖች የጎራዴ ትምህርት የተጻፈበት ጥቅልል በምርኮ ተገኘ። ቺ ጥቅልሉን እንደ ጉድ አላሳየም፤ ወታደሮቹ እንዲማሩበት አደረገ። በ1562 ወደ ፉጂያን ተሻግሮ በሄንግዩ ደሴት የመሸገውን ጠላት ወጋ፤ ባሕሩ በሸሸ ጊዜ ወታደሮቹ የሣር ነዶ እየተሸከሙ በጭቃው ላይ እየነሰነሱ ተሻገሩ። በ1563 ከዩ ዳዮውና ከሊዩ ሺያን ጋር ሆኖ በፒንግሃይ፣ በ1564 መጀመሪያ ደግሞ በሺያንዮው ድል አደረገ። የፉጂያን ሰዎች ዛሬም የሚጋግሩት መሃሉ የተበሳ ጠፍጣፋ ዳቦ፣ የቺ ወታደሮች በገመድ ሰክተው ለስንቅ ይይዙት እንደ ነበር በትውፊት ይነገራል፤ ስሙም ከጄኔራሉ ስም ጋር የተያያዘ ነው።

በ1568 መንግሥት ወደ ሰሜን ጠርቶ የጂጆውን ድንበር ሰጠው። የሰሜኑ ወታደር ሥነ ሥርዓት የለሽ ሆኖ ስላገኘው ሦስት ሺህ የጀጂያንግ ሰዎች እንዲመጡለት ጠየቀ። የደቡብ ሰዎቹ ደርሰው በሜዳ እንደ ተሰለፉ ኃይለኛ ዝናብ ወረደ፤ ከጥዋት እስከ ከሰዓት በኋላ አንድም ሰው ሳይነቃነቅ በዝናቡ ውስጥ ቆመ። የሰሜኑ ሠራዊት ትእዛዝ ምን ማለት እንደ ሆነ ያን ቀን አየ ይላል የሚንግ ታሪክ። ቺ በዚያ ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ሲቆይ፣ በታላቁ ግንብ ላይ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ የጥበቃ ማማዎችን አሠራ፤ የሞንጎሎችን ፈረሰኛ የሚገታ መድፍና ነፍጥ የተጫነበት የጋሪ ሠራዊትም አደራጀ። በደቡብ የተሳካለትን የይብራ ጥንድ በሰሜኑ ሜዳ ላይ እንደ ነበረ ለመጫን አልሞከረም። ጠላቱና መሬቱ ሲለወጡ ስልቱን ለወጠ።

ይህን ሁሉ ሊያደርግ የቻለው ዋናው አማካሪ ጃንግ ጁጀንግ ስለ ደገፈው ነው። በሚንግ ቤተ መንግሥት የጦር ሰው ያለ ሲቪል ጠባቂ አይኖርም ነበር፤ ቺም ለጃንግ ገጸ በረከት ይልክ እንደ ነበር የዘመኑ ሰዎች ያሙታል። ሐሜቱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይመስልም። በ1582 ጃንግ ሲሞት ጠላቶቹ ወዳጆቹን ማሳደድ ጀመሩ። ቺ በ1583 ወደ ሩቅ ደቡብ፣ ወደ ጓንግዶንግ ተዛወረ፤ በ1585 ከሥራ ተሰናብቶ ወደ ትውልድ ቤቱ ተመለሰ። እልኸኛ የነበረችው ሚስቱም በመጨረሻው ትታው ሄደች። በጥር 1588 በድህነት ሞተ፤ ዕድሜው ኀምሳ ዘጠኝ ዓመት ነበር።

ጓንግዶንግ ሳለ በ1584 መጽሐፉን አርሞ በዐሥራ አራት ምዕራፎች አሳትሞት ነበር። በዚህ እትም ውስጥ የጃፓኖቹ ጎራዴ ቦታ አግኝቷል፤ የቡጢው ምዕራፍ ግን የለም። ምክንያቱን አልጻፈም። የሰሜኑን ነፍጥና የጋሪ ውጊያ ያየ አዛዥ ምዕራፉን ከወታደር ትምህርት ውጭ እንደ ቈጠረው መገመት አያዳግትም። የቡጢ መምህራን ግን የሚጠቅሱት የመጀመሪያውን እትም እንጂ ይህን የኋለኛውን አይደለም።

የተሰረዘው ምዕራፍ ከጻፈው ሰው ይልቅ ረጅም ዕድሜ ኖረ። ጃፓን በ1592 ኮሪያን ስትወር ለርዳታ የዘመተው የቻይና ሠራዊት በቺ ዘዴ የሠለጠኑ የደቡብ ወታደሮች ነበሩበት፤ ኮሪያውያንም መጽሐፉን አስፈልገው አግኝተው ሠራዊታቸውን በእርሱ አሠለጠኑ። በ1790 በኮሪያ በታተመው ታላቅ የጦር ጥበብ መጽሐፍ ውስጥ ቡጢው ከነሥዕሉ ይገኛል። በቻይናም ከሠላሳ ሁለቱ አቋቋሞች የብዙዎቹ ስም በቼን ቤተ ሰብ ታይጂ ውስጥ እንዳለ፣ ታንግ ሃዎ የተባለው የታሪክ ተመራማሪ በ1930ዎቹ አሳይቷል። ቺ ለጀማሪ ወታደር ማፍታቻ ያደረገው ነገር ለአረጋውያን ጤና መጠበቂያ ሆኖ በየመናፈሻው ሲሠራ ይታያል፤ ይህም ከመጀመሪያ ዓላማው እጅግ የራቀ አይደለም።

የውጊያው ጥያቄ ግን እልባት አላገኘም። በጥቅምት 1928 በናንጂንግ በተደረገው ብሔራዊ የፍልሚያ ፈተና ላይ ስመ ጥር መምህራን በዕጣ ተጋጠሙ። ከግጥሚያው በፊት በየትምህርት ቤቱ የተለያየ የነበረው አቋቋም፣ መምታት ሲጀመር ሁሉም አንድ ዓይነት መፈናከት ሆነ። የተጎዳው ሰው ስለ በዛ የመጨረሻዎቹ ግጥሚያዎች ሳይካሄዱ ቀሩ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቻይና መንግሥት ጥበቡን በእንቅስቃሴ ውበት ነጥብ የሚሰጥበት ስፖርት አደረገው፤ እርስ በርስ መጋጠም ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆየ። በ1979 የስፖርት ባለ ሥልጣኖች በጓንትና በመከላከያ ልብስ የሚደረገውን፣ ምትን፣ ርግጫንና መጣልን ያጣመረውን ሳንዳ የተባለ ግጥሚያ ለሙከራ አስጀመሩ። ለሙከራው ከተመረጡት ሦስት ቦታዎች አንዱ፣ ቺ የዪዉን ገበሬዎች ያሠለጠነበት የጀጂያንግ ክፍለ ሀገር ነበር።